ስሙ ያልተጠራ መድኃኒት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ፣ ምናልባትም የሚያስቅ ይመስላል። ይኸውም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ውሃው አረንጓዴ ሲሆንባቸው የሚጨምሩት መድኃኒት ምን እንደያዘ በጠርሙሱ ላይ በእውነት ተጽፎበታል ወይስ አልተጻፈበትም የሚለው ጥያቄ ነው። «እኛ የዘጌ ልጆች ጣና ከደጃችን ተኝቶ ሳለ፣ በመስታወት ውስጥ ስለሚዋኝ ዓሣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጌታችን በወንጌል በትንሽ ነገር ስለ መታመን ያስተማረውን ካስታወስን (ሉቃስ 16፥10)፣ የሰው ታማኝነት የሚለካው በትልቁ አደባባይ ብቻ አይደለም። በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ላይ በሚለጠፍ ወረቀትም ይለካል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ወይም አልጌ ብለን የተማርነው፣ በድንጋይና በውሃ ላይ እንደ አረንጓዴ ሽፋን የሚታየው ፍጥረት ነው። ብርሃንና ምግብ ካገኘ በፍጥነት ይበዛል። በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ዓሣው ያልበላው ምግብና ኩሱ ሲበሰብስ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ውሃው ይገባል፤ አልጌውም ያን እየተመገበ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ባለቤቱ ውሃውን በየጊዜው በመለወጥ፣ ምግቡን በመመጠን፣ መብራቱንም ቀደም ብሎ በማጥፋት ሊያስተካክለው ይችላል። ይህ ግን ድካምና ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው አጭሩን መንገድ ይመርጥና ከሱቅ አንድ ጠርሙስ ይገዛል። በጠርሙሱ ላይ የሚያምር የዓሣ ሥዕል አለ፤ «ውሃን ያጠራል፤ ዓሣን አይጎዳም» የሚል ጽሑፍም አለ። በውስጡ ያለው ነገር ስም ግን አንዳንድ ጊዜ ከቶ አይገኝም።

በውስጡ ምን ሊኖር ይችላል? አንዱ የመዳብ ሰልፌት ነው። መዳብ አልጌን ይገድላል፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕ የሚባሉትን ትንንሽ የውሃ ፍጥረታትም አብሮ ይገድላል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ባነሰበት ለስላሳ ውሃ ውስጥ ደግሞ ለዓሣው ራሱ መርዝነቱ ይበረታል። ሌላው በበቆሎ ማሳ ላይ የሚረጨው ሲማዚን የተባለው ፀረ አረም ነው። ሌላው ግሉታራልዴሃይድ ሲሆን፣ በሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎችን ከተሕዋስያን ለማጽዳት የሚያገለግል ኬሚካል ነው። እነዚህ ሁሉ በመጠናቸውና በቦታቸው ሥራ አላቸው። መዳብ በመሆናቸው ወይም ኬሚካል በመባላቸው ብቻ ክፉ ናቸው አንልም። ነገር ግን ገዢው ስማቸውን ካላወቀ ቀንድ አውጣውን አስቀድሞ ከውሃው ማውጣት እንዳለበት አያውቅም፤ ሲቀዳ እጁን መጠበቅ እንዳለበት አያውቅም፤ ሕፃን ልጅ በስሕተት ቢጠጣው ለሐኪሙ ምን ብሎ እንደሚናገር አያውቅም።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ። አልጌው በአንድ ጊዜ ሲሞት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ ይቃትታሉ። ባለቤቱ ይህን አይቶ «በሽታ ገባባቸው» በማለት ሁለተኛ ጠርሙስ ይገዛል፤ በመጀመሪያው መርዝ ላይ ሁለተኛ ይጨምራል። ውሃውን ለማጥራት የተነሣው ሰው በማግሥቱ የሞቱ ዓሦችን ይለቅማል። ጠርሙሱ ስሙንና ሥራውን አስቀድሞ ቢነግረው ኖሮ ይህ ሁሉ በቀረ ነበር።

የመንግሥታት ሕግም ይህን ችላ አላለውም። በአሜሪካ አልጌን እገድላለሁ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከፀረ ተባይ ወገን ስለሚቆጠር፣ ገዳዩ ንጥረ ነገር በስሙና በመቶኛ መጠኑ በገላጭ ጽሑፉ ላይ እንዲሰፍር፣ ከሕፃናት እንዲርቅም ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ሕጉ ያዛል። ሆኖም በዚያው አገር የቀሩት ንጥረ ነገሮች በስም ሳይዘረዘሩ በጥቅል መቶኛ ብቻ እንዲጻፉ ይፈቀዳል። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ «አልጌ ይገድላል» የምትለውን ቃል ይተውና ያንኑ ግሉታራልዴሃይድ «ለውሃ ተክል የሚሆን ፈሳሽ ካርቦን» እያለ ያቀርበዋል። የሚሸጠው ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የመድኃኒቱን ምዝገባና ገላጭ ጽሑፉን የሚመለከት ድንጋጌ ይዟል። እንግዲህ ሕግ አለ ማለት ነው። ሕግ ግን በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው፤ በልብ ውስጥ የሚቆመው ኅሊና ነው። ሕጉን ሳይጥስ ባልንጀራውን የሚያታልል ሰው እንዳለ ከላይ ያየነው ምሳሌ ያስረዳናል።

አሁን ከመስታወቱ ሣጥን ወደ ራሳችን ውሃ እንመለስ። ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። የሚገባበትን ሁሉ ውጦ የሚያስቀር ጥልቅ ባሕር አይደለም ማለት ነው። ከማሳ በጎርፍ የሚታጠበው ማዳበሪያና አፈር፣ ከከተማ የሚወርደውም ቆሻሻ፣ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የተረፈው የዓሣ ምግብ የሚሠራውን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭም በዚሁ ምግብ የሚፋፋ አረም ነው። ገበሬውና ወጣቱ በእጁ እየነቀለ ሲደክም፣ «በኬሚካል ይጥፋ» የሚል ሐሳብም በየጊዜው ይነሣል። የሐሳቡን ጥቅምና ጉዳት ሊቃውንት ይመርምሩት። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ከመጠየቅ ወደ ኋላ ልንል አይገባንም፤ «የምትጨምሩት ነገር ስሙ ማን ነው? ከእምቦጩ ሌላስ ማንን ይነካል?» ብለን መጠየቅ መብታችንም ግዴታችንም ነው። የሐይቁን ውሃ የሚጠጣው የእኛው ሰው ነውና።

ስሙ ስለሚሰወር መርዝ ስንናገር ጣታችንን ወደ ውጭ አገር ጠርሙስ ብቻ መቀሰር አይገባንም። በጣና ዙሪያና ወደ ሐይቁ በሚገቡ ወንዞች የብርብራ ፍሬ እየተፈጨ ለዓሣ ማጥመጃነት ሲበተን ኖሯል። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለ መርዝ ስላለ ዓሣው ትንፋሽ አጥቶ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ ዕንቁላል የተሸከመውም አብሮ ይሞታል። በጣና ከሚኖሩት ላቢዮባርበስ ከሚባሉት የዓሣ ወገኖች አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሲወጡ ነው እንዲህ ያለ አደጋ የሚደርስባቸው። ዓሣው ገበያ ሲወጣ ታዲያ «በብርብራ የተያዘ ነው» ብሎ የሚሸጥ ማን አለ? ዓሣው ራሱ ገላጭ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ሆነ ማለት አይደለምን?

«ብርብራ ከዛፍ የተገኘ ነው፤ የተፈጥሮ ነው» ብሎ የሚከራከር ቢኖር የእንዶድን ታሪክ እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች በእኛ በዘጌም ልጆችን ሲያጠቃ የኖረውን የቢልሃርዚያ በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ዶክተር አክሊሉ «እናቶቻችን የሚያውቁት ተክል ስለሆነ አይጎዳም» ብለው አላለፉትም። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ለብዙ ዓመታት መረመሩት፤ መርዝነቱ ለማን እንደሆነና በምን ያህል መጠን እንደሆነ ፈተኑት፤ ያገኙትንም ለዓለም ገለጡት። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለዚህ ሥራ ተቀበሉ። ከምርመራውም የተማርነው ነገር፣ ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ መጠኑ ሲበዛ ዓሣንም እንደሚገድል ነው። ስለዚህ «ተፈጥሮአዊ» የሚል ቃል ብቻውን ምስክርነት አይሆንም። ምስክርነት የሚሆነው ስሙ፣ መጠኑና የሚጎዳው ፍጥረት ተለይቶ ሲነገር ነው።

ወንድሞችና እኅቶች! ይህን ትምህርት ያመጣነው ከቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ስለ ነቢዩ ኤልሳዕ የተጻፉትን ሁለት ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እናንብባቸው። በመጀመሪያው (ምዕራፍ 2 ከቁጥር 19 እስከ 22) የኢያሪኮ ሰዎች ስፍራቸው መልካም ሆኖ ውሃቸው ግን ክፉ እንደሆነ ለነቢዩ ነገሩት። ነቢዩ ምን አደረገ? አዲስ ዕቃ አምጡልኝ፣ ጨውም ጨምሩበት አላቸው። ዕቃው አሮጌ ነገር ያልነካው አዲስ ነበር፤ የተጨመረውም በሰዎቹ እጅ የመጣ፣ ስሙ የተጠራ ጨው ነበር። የፈወሰው ደግሞ እግዚአብሔር እንደሆነ ነቢዩ በግልጥ ተናገረ። ከሕዝቡ ተሰውሮ ወደ ምንጩ የገባ አንድም ነገር አልነበረም። ውሃን ለሚያክም ሰው ሁሉ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከወዴት ይገኛል?

በሁለተኛው ታሪክ (ምዕራፍ 4 ከቁጥር 38 እስከ 41) ራብ በሆነበት ዘመን ከነቢያት ልጆች ወገን አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወጣና የማያውቀውን የዱር ፍሬ በልብሱ ሞልቶ አመጣ፤ ቆራርጦም በወጡ ምንቸት ውስጥ ጨመረው። ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም ነበር። ሰዎቹም በቀመሱት ጊዜ ሞት በምንቸቱ ውስጥ እንዳለ ጮኹ። ልብ እንበል፤ ያ ሰው ክፉ አሳቢ አልነበረም፤ ወንድሞቹን ሊያበላ የደከመ ሰው ነበር። ስሙን ያላወቀውን ነገር ለብዙዎች በሚሆን ምንቸት ውስጥ መጨመሩ ግን ሁሉንም ለሞት አቀረባቸው። ነቢዩም ያዳናቸው ዱቄት አምጡልኝ ብሎ፣ እንደገና በስሙ የታወቀ ነገር በፊታቸው በመጨመር ነው። ለማያውቀው ይህን ያህል ከሆነ፣ ስሙን እያወቀ ለሚሸሽገውማ ምን ይባላል?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። «በአገራችን መድኃኒት አዋቂ የመድኃኒቱን ስም ይሰውራል፤ ነጋዴም የሙያውን ምሥጢር ይጠብቃል፤ ምሥጢር መጠበቅ ኃጢአት ነውን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በንቀት የሚታለፍም አይደለም። አባቶች ዕውቀታቸውን የሰወሩት ብዙ ጊዜ በማያውቅ ሰው እጅ ገብቶ እንዳይጎዳ በማሰብ ነው። የሙያ ሰውም እንዴት እንደሚቀምም፣ በምን እሳት እንደሚያበስል መሰወሩ የድካሙ ዋጋ ነው። ነገር ግን «እንዴት ሠራኸው?» የሚለው ጥያቄና «ምን አለበት?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የሠሪው ነው፤ ሁለተኛው የሚጠጣው ሰው ነው። እናት የወጧን ሙያ ለጎረቤት ባትገልጥ ማንም አይወቅሳትም። በርበሬው ውስጥ የተፈጨ ሸክላ ቀላቅላ «ሙያዬ ነው» ብትል ግን ማን ይቀበላታል?

የቤተ ክርስቲያናችንንም ሥርዓት እንመልከት። ከምሥጢረ ቁርባን የሚበልጥ ምሥጢር በምድር ላይ የለም። ሆኖም ኅብስቱ ከንጹሕ ስንዴ እንደሚዘጋጅ፣ ወይኑም ከዘቢብ እንደሚጠመቅ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። ምሥጢሩ ያለው እግዚአብሔር በሚሠራው ሥራ ውስጥ ነው እንጂ፣ በዕቃው ውስጥ የገባውን በመሸሸግ አይደለም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በምሥጢሯ ፊት ስንዴውን ስንዴ፣ ዘቢቡን ዘቢብ ብላ ከጠራች፣ አንዲት የአልጌ መድኃኒት ጠርሙስ «ምሥጢሬ ነው» ብላ ልትሸሽግ የምትችለው ምን ክብር አላት?

ሌላም አለ። ግማሽ እውነት ሙሉ ውሸት ሊሆን እንደሚችል በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ከሐናንያና ከሰጲራ ታሪክ እንማራለን። ያመጡት ገንዘብ እውነተኛ ገንዘብ ነበር፤ በእጃቸው ሳለም የራሳቸው ነበር። ጥፋታቸው ከፊሉን ይዘው ሙሉው ይህ ነው ማለታቸው ነው። በጠርሙስ ላይ የሚያምረውን አንዱን ነገር ጽፎ የሚያስፈራውን ሌላውን የሚተው ሰውም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የጻፈው እውነት ነው፤ ያልጻፈው ግን የጻፈውን ሐሰት ያደርገዋል።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? በመካከላችን የመድኃኒት ፋብሪካ ያለው የለም። ነገር ግን በየቤታችን ልንሠራው የምንችለው ሥራ አለ። አንደኛ፣ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒት ከዋናው ዕቃ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ሲቀመጥና ሲሸጥ እናያለን። የውሃ ጠርሙስ ለሕፃን ዓይን ውሃ ነው። ይህን ልማድ በቤታችን እንከልክል፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችንም በዋናው ዕቃ ላይ የተጻፈውን ስምና ማስጠንቀቂያ በአማርኛ እናስረዳቸው። ተምረናል ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምንድር ነው? ሁለተኛ፣ የተረጨበትን ዕቃና የመርጫውን መሣሪያ በሐይቁ ዳር ወይም በወንዝ አንጠብ። ሦስተኛ፣ ማንኛውንም መድኃኒት ስንገዛ «ምን አለበት?» ብለን ሳናፍር እንጠይቅ፤ ሻጩ ካልመለሰ ገንዘባችንን ወደ ኪሳችን እንመልስ። አራተኛ፣ ስንሸጥም፣ ማርም ይሁን ቡና፣ በርበሬም ይሁን ዓሣ፣ የተቀላቀለበትን ሳንጠየቅ እንናገር።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። እውነት የሚናገር ነጋዴ ያንን ቀን በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። «ዓሣው በብርብራ የተያዘ ስለሆነ አልሸጠውም» የሚል ወጣት ያንን ሌሊት ጦሙን ሊያድር ይችላል። የሥራ አጥነቱን ክብደት ስለምናውቅ ይህን በቀላሉ አንናገረውም። ስለዚህ ሸክሙን ለሻጩ ብቻ ትተን መሄድ አይገባንም። እውነቱን የነገረን ሻጭ ዘንድ ተመልሰን እንግዛ፤ ትንሽ ቢወደድም ከእርሱ እንግዛ። ሐቀኛ ሰው ብቻውን እንዲከስር የሚተው ጉባኤ ስለ ሐቀኝነት መስበክ አይችልም።

በአባቶቻችን ትውፊት እንደሚነገረው፣ የዘጌ ቡናና ጌሾ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀለ በረከት ነው። ስለዚህም የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ ሳያርስ፣ ጫካውን ሳይመነጥር ለዘመናት ኖረ። በመሬታችን ላይ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይተው ስም የሰጡልን አባቶች ነበሩን ማለት ነው። በኦሪት እንደምናነብበው አዳም ለፍጥረታት ስም ያወጣው እግዚአብሔር ወደ እርሱ ባመጣለት ጊዜ ነው (ዘፍጥረት 2፥19-20)። ነገርን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ለሰው ከተሰጡት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ስሙን መሰወር ወይም በሐሰተኛ ስም መጥራት ይህን ሥራ ማፍረስ ነው።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ጥሩውን ውሃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው ስለሚያደፈርሱ በጎች ተናግሯል (ሕዝቅኤል 34፥18-19)። ሌሎቹ የሚጠጡት ያንን የደፈረሰውን ነው። ከዘጌ በታች ባሕር ዳር አለ፤ ከባሕር ዳር በታች ዓባይ አለ፤ ዓባይም ሱዳንንና ግብፅን አጠጥቶ ይወርዳል። እኛ ወደ ውሃው የምንጨምረውን ስማችንን እንኳ የማያውቅ ሰው ይጠጣዋል። እርሱ መጥቶ «ምን ጨመራችሁበት?» ብሎ ሊጠይቀን አይችልም። እንግዲያውስ ሳይጠይቀን የምንመልስለት፣ ባያየንም የምንታመንለት እንሁን። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ዝናሙና ስለ ወንዞች ውሃ በጸሎቷ ስትለምን እኛም አሜን እንላለን። አሜናችን በአፋችን ብቻ እንዳይቀር፣ በእጃችን ያለውን ጠርሙስ ስሙን እናንብብ፤ ለማያነበውም እናንብብለት።

በአምስተኛው ቀን የውሃ ፍጥረታትን የፈጠረ፣ በዮርዳኖስ ውሃ የተጠመቀ አምላካችን እውነትን የምንናገርበት አንደበት፣ እውነትን የምንገዛበትም ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።